ዳንቴል የለበሰው ድራይቭ

በሰባ ስድስት ዝናብ አልመጣም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመትም አልመጣም ነበር። በመጀመሪያ በሬዎቹን ሸጥን። ቀጥሎ ሞፈሩን ሸጥን፤ በሬ ከሌለ ሞፈር ምን ያደርጋል። ቀጥሎ የሚገዛ ሰው ጠፋ። እናቴ በሰባ ሰባት ኅዳር ሞተች። በታኅሣሥ ከአገር ወጣን፤ ሚስቴ፣ ልጄ ትብለጽ እና እኔ። ሚስቴ ቆረም ሳንደርስ መንገድ ላይ ቀረች። አፈሩ ደረቅ ነው፤ ለመቆፈር አቅም አልነበረኝም። ድንጋይ ከመርኩባትና ሄድኩ። ትብለጽ አታለቅስም ነበር። የሚያለቅስ ልጅ ገና ጉልበት ያለው ልጅ ነው።

ቆረም ላይ እህል አራግፎ ባዶውን ወደ ኮምቦልቻ የሚመለስ የጭነት መኪና አገኘን። ሹፌሩ የወሎ ሰው ነው፤ አብዱልገኒ ይባላል። በሩ ላይ «ሰው መጫን በጥብቅ የተከለከለ ነው» ተብሎ በቀይ ቀለም ተጽፏል። ልጄን አየ፤ ጽሑፉን አላየም። «ውጣ» አለኝ። ባዶ ጆንያ ላይ አስተኝቶን ሸራ አለበሰን። ኬላ ላይ ሸራው ተገለጠ። እኛን ሐኪም ወዳለበት ወሰዱን፤ እሱን ከመኪናው አወረዱት። ከሥራ ታግዶ በጋውን ሁሉ ቤቱ ተቀምጦ ከረመ። ሚስቱ ፈሂማ ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች።

ሌላ ነገር አልጨምርም። ችግር በተወራ ቁጥር ይቆነጃል።

ትብለጽ ድና አደገች፤ ዛሬ የልጆች እናት ናት። አብዱልገኒን በኋላ አዲስ አበባ አፈላልጌ አገኘሁት። ሥራ ያስገባኝም እሱ ነው። የሚሠራበት የጭነት መኪና ድርጅት ጉርድ ሾላ ግቢ ነበረው፤ እዚያ መጀመሪያ ዘበኛ፣ ቀጥሎ ንብረት ጠባቂ ሆንኩ። ለንብረት ጥበቃ ማንበብና አለማመን ይበቃል፤ ሁለቱም ነበሩኝ። ላመሰግነው አፌን በከፈትኩ ቁጥር «ተወኝ እስቲ፤ ዳማውን አምጣ» ይለኛል። እሑድ እሑድ ቦሌ ሚካኤል እሱ ደጃፍ ላይ በቆርኪ ዳማ እንጫወታለን። ጨዋታ አይችልም። ይቸኩላል፤ ያገኘውን ሁሉ ይበላል፤ ወጥመድ አያይም። እኔ ግን አሸንፌው አላውቅም። ልጅህን ከሞት ያወጣ ሰው በቆርኪ አይሸነፍም። እየሳተ፣ እያየሁት፣ እየተሸነፍኩ ዓመታት አለፉ።

ይህን ያስቀደምኩት በሰማንያ ዘጠኝ የሆነውን ለመጻፍ ነው።

የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ሊባኖስ ይባላል። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለው ነበር። እዚህ አልለውም። ዕቃ ላደርስ ቤቱ ገብቼ አውቃለሁ። ሶፋው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ላስቲክ እንደለበሰ ነው። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሷል። ስልኩም ለብሷል። ሳሎኑ ለእንግዳ ተብሎ ይቆለፋል፤ ቤተሰቡ ማድ ቤት ተጠጋግቶ ይበላል። እንግዳም እንዳያቆሽሽ አይጠራም። እንዲህ ያለ ሰው መኪና ቢሰጡት በእግሩ ሄዶ ጎማውን ያተርፋል።

ድርጅቱ ኮምፒውተር ሲገዛ ለማሽኑ አንድ ክፍል ተለቀቀለት። ወደዚያ ክፍል የሚገባ ሁሉ ጫማውን በር ላይ እንዲያወልቅ ሊባኖስ ትእዛዝ አወጣ። ቤተ ክርስቲያን ጫማውን የሚያወልቅ ሰው የሚፈራው አለው። እነዚህ የሚፈሩት አቧራ ነው። አለቆቹ ሁሉ ደጃፍ ላይ በአንድ እግራቸው ቆመው ክር ሲፈቱ ማየት ለእኔ የዕለት ደስታዬ ነበር።

የማሽኑን ነገር ባልማርም የሠራተኞቹን ወሬ እየሰማሁ ይህን ያህል ገብቶኛል። ማታ ማታ በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ ካሴት ይገለበጣል። ማሽኑ ቢሞት ሥራው ከካሴት ይነሣል። ባካፕ ይሉታል። ካሴቱን የሚያነበውና የሚጽፍበት ሣጥን ድራይቭ ይባላል። የተገዛው ሁለት ነው። አንዱ ይሠራል። ሁለተኛው ከጎኑ ተቀምጦ የሊባኖስ ሚስት የሠራችውን ነጭ ዳንቴል ለብሷል። ገቢ ሲሆን ወረቀቱ ላይ «መለዋወጫ» ተብሎ ተጽፏልና የኤሌክትሪክ ገመዱን ከእርሳስ ብረት በተሠራ ማኅተም ያሸግሁት እኔ ነኝ። መለዋወጫ ይታሸጋል። ሥራ አስኪያጁ ፈርሞ የንብረት ማውጫ ደረሰኙ፣ ሞዴል ሃያ ሁለት፣ ካልተቆረጠለት አይወጣም። ደንቡ ይኸው ነው፤ ደንብ ጥሼ አላውቅም ነበር።

በዚያ ዓመት ባዶ ካሴት አለቀ። ለአዲስ ካሴት ግዢ የተጻፈው ማስታወሻ በድርጅታችን ውስጥ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል፤ እያንዳንዱ አለቃ «ለሚመለከተው» እያለ ይመራዋል። የሚመለከተው አልተገኘም።

ካሴቶቹን የምታስገባውና የምታወጣው ሰምሃል የምትባል ልጅ ናት። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ብዙም አልቆየች። ጫማዋ እንደ ጡብ የወፈረ ነው፤ በር ላይ ስታወልቀው ቁመቷ ይቀንሳል። ከንግግሯ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው። ቢሆንም በዚያ ግቢ ከነበሩት ሁሉ የተሻለች እሷ ናት። ይህ ብዙ ማለት አይደለም።

አንድ ቀን የተረፈ ካሴት እንዳለ ልትጠይቅ ንብረት ክፍል መጣችና ደክሟት በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

«ጋሽ ገብረእዝጊ፣ ካሴቶቹ እኮ የሞሉ ይመስላሉ እንጂ አልሞሉም። ግማሹ ጊዜው ያለፈበት፣ የሞተ ነገር ነው።»

«የሞተ ከሆነ ይጣላ።»

«ከሞተው መሐል ሕያው አለበት። ይኸውልዎ፣ መቶ ጆንያ አለዎት እንበል። ሁሉም ታች ታቹ ላይ ትንሽ ትንሽ ጤፍ ቀርቶባቸዋል። ምን ያደርጋሉ?»

«አንዱ ጆንያ ላይ እገለብጠዋለሁ። ባዶዎቹን አጥፌ አስቀምጣለሁ።»

«በቃ፣ ሪክላሜሽን ማለት እሱ ነው! ሕያው ሕያውን አንድ ካሴት ላይ ሰብስበን ሌሎቹን ነፃ እናወጣለን።»

«ታዲያ ሰብስቢዋ።»

«እየሰበሰብኩ ነው እኮ። ግን በጣም ስሎው ነው። ለምን እንደሆነ ሊገባኝ አልቻለም።»

«ይህን ላለማወቅ ነው ዩኒቨርሲቲ ድረስ የሄድሽው?»

ሳቀች። ሌላው ቢሆን ይቀየም ነበር።

ቆይቼ ሥራዋን በማሽን ክፍሉ መስተዋት በኩል አየሁት። አሮጌውን ካሴት ታስገባለች። ማሽኑ ጥቂት ያነብና «አውጪ» የሚል ጽሑፍ ያወጣል። ታወጣለች። «ሌላውን አስገቢ» ይላል። ታስገባለች። ጥቂት ይጽፍና ደግሞ «አውጪ» ይላል። ፊተኛውን መልሳ ታስገባለች። ካሴቱ ከመጀመሪያው እየተጠቀለለ የቆመበትን ቦታ ሲፈልግ እሷ አገጯን ይዛ ትጠብቃለች። ጤፍን በሲኒ እየቀዱ ከጎተራ ጎተራ ማዞር ይመስላል። ቀኑን ሙሉ ለፍታ ያስለቀቀችውን ካሴት የማታው ባካፕ ይበላውና ሌላ ይጠይቃል።

ሊባኖስ ነገሩን ሲሰማ ማሽኑን የሸጠው ወኪል ባለሙያ እንዲልክ አደረገ። የመጣው ኢንጂነር በዳሳ ይባላል። ክራባት አድርጓል፤ ካልሲው አዲስ ነው፤ ጫማ እንደሚያወልቅ ቀድሞ ተነግሮታል ማለት ነው። መጀመሪያ «አቧራ ነው» አለ፤ በማጽጃ ካሴት ድራይቩን አጸዳ። አልፈጠነም። «ሙቀት ነው» አለ፤ ማቀዝቀዣው ሰውን እስኪያንቀጠቅጥ ድረስ ተከፈተ፤ ሰምሃል ጋቢ ለብሳ መሥራት ጀመረች። አልፈጠነም። «መብራቱ ይዋዥቃል» አለ፤ ኃይል የሚያስተካክል ሣጥን ራሱ ሸጠልን። አልፈጠነም። በመጨረሻ «ካሴቶቹ አርጅተዋል» አለ። የሚነካውን ሁሉ ነካ። ዳንቴሉን ብቻ አልነካም። ሻይ ሲመጣለት ብርጭቆውን የሚያሳርፈው እዚያ ላይ ነበር።

ነገሩ የወጣው በዚያ ብርጭቆ ነው። ሊባኖስ ለጉብኝት ገባና ዳንቴሉ ላይ የሻይ ክብ አየ።

«ይሄን ማን ነው ያደረገው?» አለ። ካሴት ማለቁን ሲነግሩት እንዲህ አልደነገጠም። «ሰምሃል! አሁኑኑ አስጥቢው። በኦሞ እንዳይሆን፤ በሳሙና።»

እሷም ልታስጥበው ገለጠችው። ገልጣው ቆመች። ከዚያ ጫማዋን ሳታደርግ በካልሲዋ ግቢውን አቋርጣ እኔ ዘንድ መጣች። ዳንቴሉን እንደ አይጥ በሁለት ጣቷ ይዛዋለች።

«ጋሽ ገብረእዝጊ፣ ያ ማኅተም የእርስዎ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ተበላሽቷል ብዬ ነበር እኮ የማስበው! ስቀጠር ‹ያ አይነካም› ብለውኝ ነበር። አፉ ላይ እኮ የፋብሪካው ላስቲክ አልተነሣም! አዲስ ነው!»

«አዲስ ነው። መለዋወጫ ነው።»

«ምን መለዋወጫ? አንዱ ማንበቢያ፣ አንዱ መጻፊያ ነው! ሁለቱ አብረው እንዲሠሩ ነው የተገዙት። ለዚህ እኮ ነው የሚንቀረፈፈው። እርስዎ ጆንያ ሲገለብጡ አንድ ሰው አፉን ይይዝልዎት የለ?»

«ይይዝልኛል።»

«እኔን ግን የያዘልኝ የለም። እጁን ዳንቴል አልብሰውታል።»

አፍሬ አልነበረም፤ ተናድጄ ነበር። ይህን ሁሉ ጊዜ ስንት የተማረ ሰው በካልሲ ተመላለሰ። ከዳንቴሉ ሥር ምን እንዳለ ለማየት ሻይ መፍሰስ ነበረበት።

ሊባኖስ ስብሰባ ጠራ፤ እዚያው ማሽን ክፍል። ማቀዝቀዣውን የሚያጠፋ ጠፍቶ ሁሉም እየተንቀጠቀጠ ቆመ። እኔን የጠራኝ ማኅተሙ የእኔ ስለሆነ ነው። የሊባኖስ ካልሲ ተበስቶ የግራ አውራ ጣቱ ብቅ ብሏል። ለራሱ ካልሲ መለዋወጫ አላሰበም።

ሰምሃል አስረዳች። በጆንያም፣ በእንግሊዝኛም አስረዳች። ሊባኖስ እስክትጨርስ ጠብቆ ፈገግ አለ።

«ደህና መሆኑን መች አጣሁት? ደህና እንዲሆን እኮ ነው ያሸግነው።»

«አቶ ሊባኖስ፣ ካልሠራ ደህና መሆኑ ምን ይጠቅማል?»

«አንቺ ልጅ ነሽ። የሚሠራው ሲሞት ምን ልታደርጊ ነው? ሁለቱንም አንድ ላይ አስረጅተሽ ሁለቱንም አንድ ቀን ልትቀብሪ ነው? ኢንጂነር በዳሳ፣ ምን ይላሉ?»

በዳሳ ክራባቱን ነካ። «በመርህ ደረጃ ልጅቷ ትክክል ናት። በአሠራር ደረጃ ደግሞ የእርስዎ ጥንቃቄ የሚደነቅ ነው።»

ሁለት ጌታ ያለው ውሻ እንኳ ጭራውን በአንድ ጊዜ ወደ ሁለት ወገን አይቆላም።

«ሌላ መፍትሔ አለ» አለ ሊባኖስ። «መደርደሪያው ላይ የድሮ ሹፌሮች የሚል ካሴት አይቻለሁ። እሱን አጥፉና ጻፉበት።»

እዚህ ላይ ነው ጆሮዬ የቆመው። በሰማንያ ሦስት ግርግር የድርጅቱ መዝገብ ቤት ተዘርፎ ነበር። የሹፌሮቹ የወረቀት ፋይል በየገበያው በርበሬ ተጠቅልሎበታል። የተረፈው ቀድሞ ኮምፒውተር ውስጥ የገባው ነው። እሱም በኋላ ቦታ ያጣብባል ተብሎ ከማሽኑ ወጥቶ ወደ ካሴት ተዛውሯል። ሌላ ቦታ የለም። አብዱልገኒ ዓይኑን ሞራ ጋርዶት ሥራ ከተወ ቆይቷል፤ የጡረታው ጉዳይ የቆመው ያገለገለበት ዘመን ማስረጃ ይምጣ ተብሎ ነው። ሠራተኛ አስተዳደር ክፍል «ዛሬ ነገ ከካሴት ይወጣል» እያለ ይመልሰዋል።

«የወረቀት ፋይላቸው እኮ የለም» አለች ሰምሃል። «ይሄን ካጠፋነው ጠፉ ማለት ነው።»

«ሥራ የተወ ሹፌር ፋይል ምን ያደርግለታል? ይንዳው?»

ሳቁ። በዳሳ የሳቀው የሊባኖስን ፊት አይቶ ነው።

«ጡረታቸው ያላለቀ አሉ» አልኩ።

ሊባኖስ ወደ እኔ ዞረ። «አቶ ገብረእዝጊ፣ እርስዎ ንብረት ክፍል ነዎት ወይስ የሠራተኛ ማኅበር?»

«ንብረት ክፍል ነኝ።»

«እንግዲያው ማኅተምዎን ይጠብቁ።»

ስብሰባው አለቀ። ሊባኖስ ከአለቆቹ ጋር ወደ ሶደሬ ይሄዳል፤ ጊዜን በአግባቡ ስለ መጠቀም የሚሰጥ የሳምንት ሴሚናር አለ። ሲመለስ ባዶ ካሴት ካላገኘ የሹፌሮቹ እንዲጠፋ አዞ ሄደ። ጫማውን ሲያደርግ ግራና ቀኙን አለዋወጠው፤ ማንም አልነገረውም። እኔም አልነገርኩትም።

እሑድ እንደ ልማዴ ወደ አብዱልገኒ ሄድኩ። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ቆርኪዎቹን በጣቱ እየዳበሰ ነው የሚጫወተው፤ የእኔ በጀርባቸው፣ የእሱ በፊታቸው ይደረደራሉ። ፈሂማ ደጃፉን እየጠረገች ነበር።

«ገብረእዝጊ፣ ሰላም ነዎት? ለዚህ ሰው ንገሩት እስቲ። እዚያ መሥሪያ ቤት አልመላለስም አለ።»

«ምን ልሁን ብዬ ልመላለስ?» አለ አብዱልገኒ። «ዛሬ ነገ ይሉኛል። በኮረኮንች ያላለቀ ጎማ እንኳ በመመላለስ ያልቃል።»

«ይወጣል ብለዋል እኮ» አለች።

«አብሽሪ፣ አላህ ያውቃል። አንተ ተጫወት።»

አንዱን ቆርኪ ወደ ወጥመዴ ገፋው። ልበላው እችል ነበር። ሌላውን አንቀሳቀስኩ። በላኝና እንደ ልጅ ሳቀ። ስለ ካሴቱ ምንም አልነገርኩትም። ቢሰማ «ተወው» ይለኛል። ዕድሜውን ሙሉ «ተወው» እያለ ነው ዕዳዬን ያከበደው።

ከእሱ ቤት ስወጣ የመኪናው በር ላይ የነበረው ያ ቀይ ጽሑፍ ትዝ አለኝ። እንደ እኔ ማንበብ ይችል ነበር። እንደ እኔ ደንብ ያውቅ ነበር። ቆሞ ፈቃድ ቢጠይቅ ኖሮ ፈቃዱ ይመጣ ነበር፤ እኛ ቆረም ከተቀበርን በኋላ።

ሰኞ ጠዋት ፒንሳ ይዤ ማሽን ክፍል ገባሁ። ጫማዬን አላወለቅኩም። ሰምሃል ፒንሳውን አየችና ተነሣች።

«ፈቀዱ እንዴ? ሞዴል ሃያ ሁለት ተቆረጠ?»

«አልተቆረጠም።»

«ጋሽ ገብረእዝጊ፣ ተዉ! ያባርሩዎታል እኮ።»

«ያለ ሞዴል ሃያ ሁለት ሚስማር ሰጥቼ አላውቅም። ምን ሸለሙኝ? ዞር በይ።»

ማኅተሙን ቆረጥኩት። እርሳሱ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ትንሽ ነገር ነው፤ ድምፅ እንኳ አላወጣም። ከዚያ ወረቀት ላይ «ማኅተሙን የሰበርኩት እኔ ንብረት ጠባቂው ነኝ። ልጅቷ ያወጣሁላትን ዕቃ ከመጠቀም በቀር ያደረገችው የለም» ብዬ ጻፍኩ። ፈርሜ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። እዚያ ቤት ጥፋት ሁልጊዜ ወደ ታች እንደሚፈስ አውቃለሁ። እንዳይፈስ ደፈንኩት።

እሷ ላስቲኩን ልጣ ገመዱን ሰካች። ኮምፒውተሩ ሁለተኛውን ድራይቭ እንዲያውቀው የሆነ ነገር ስትጽፍ ቆየች፤ ሁለት ጊዜ ተሳሳተች፤ በእንግሊዝኛ ተሳደበች። በመጨረሻ አረንጓዴ መብራት በራ። አሮጌውን ካሴት በግራ፣ መሰብሰቢያውን በቀኝ አስገባች።

ግራው አንጎራጎረ። ቀኙ መለሰለት። «አውጪ» የሚል ጽሑፍ አልመጣም። ግራው ይሰጣል፣ ቀኙ ይቀበላል። ሰምሃል እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ለካስ እጇ የሚያርፍበት ሥራ ነበር።

«ሰሙት?» አለች።

«ሰማሁት።»

«በጣም ነው የሚሮጠው!»

«አይሮጥም። እንደተሠራው እየሠራ ነው። ሩጫ የመሰለሽ ሌላው ሁሉ ተቀምጦ ነው።»

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያዎቹ ባዶ ካሴቶች መደርደሪያው ላይ ተመለሱ። በማግስቱ ሌሎች መጡ። የማታው ባካፕ የፈለገውን በልቶ እንኳ ይተርፍ ጀመር። አለቆቹ በሶደሬ ፍል ውኃ ውስጥ ሆነው ስለ ጊዜ አጠቃቀም ሲማሩ መደርደሪያው ሞላ። የሹፌሮቹን ካሴት ማጥፋት ቀርቶ ሰምሃል ግልባጭ አወጣችለት። ከዚያ የአብዱልገኒን ፋይል ፈልጋ፣ ዳርና ዳሩ በተበሳው ረጅም ወረቀት ላይ አትማ ሰጠችኝ። ሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ወስጄ ማኅተም አስመታሁበት። ጸሐፊዋ «ይህን ያህል ቀላል ነበር እንዴ?» አለች። ቀላል የሚሆነው ካለቀ በኋላ ነው።

ሊባኖስ ፊቱን ፀሐይ አጥቁሮት ተመለሰ። በር ላይ ጫማውን አውልቆ ገባ። ሁለቱ ድራይቮች እየሠሩ ነው። መደርደሪያው በባዶ ካሴት ሞልቷል። ግድግዳው ላይ የእኔ ወረቀት አለ። እሱ ግን መጀመሪያ የጠየቀው ይህን ነው፦

«ዳንቴሉስ?»

ሰምሃል ታጥቦ፣ ተተኩሶ የታጠፈውን አውጥታ ሰጠችው። አገላብጦ አየው። የሻይው ክብ ለቋል። ከዚያ ወረቀቱን አነበበና ወደ እኔ መጣ።

«አቶ ገብረእዝጊ፣ ከእርስዎ አልጠብቅም ነበር።»

«እኔም አልጠብቅም ነበር።»

«ካሴቱ መገኘቱ ጥሩ ነው። ግን ደንብ ደንብ ነው።»

«ልክ ነው።»

«ይቅርታ የሚል ማመልከቻ ቢጽፉ ነገሩን በቀላሉ…»

«አልጽፍም።»

ከሥራ መሰናበቴን የሚገልጸው ደብዳቤ ያለ ምንም መዘግየት ደረሰኝ። በዚያ ድርጅት ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሳይዞር የደረሰ ወረቀት ያየሁት እሱን ብቻ ነው። ለቦርዱ ደግሞ ሌላ ደብዳቤ ተጽፏል፤ የካሴት እጥረቱ «በአመራሩ ብርቱ ክትትልና በባለሙያ ድጋፍ» ተፈታ ይላል። በዳሳ የምስጋና ወረቀት አገኘ። ቁልፎቼን አስረክቤ ስወጣ በመስተዋቱ በኩል አየሁ። አዲሱ ንብረት ጠባቂ ጎንበስ ብሎ የሁለተኛውን ድራይቭ ገመድ እያሸገ ነው። ሊባኖስ ዳንቴሉን በሁለት እጁ ዘርግቶ ከበላዩ ቆሟል፤ ታቦት የሚያለብስ ይመስላል። ሰምሃል ወደ እኔ አየችና ትከሻዋን ነቀነቀች። ባዶው ካሴት እስኪያልቅ ጊዜ አላት። እስከዚያ ሌላ ሥራ ታገኛለች፤ ሞኝ አይደለችም።

በእግሬ ወደ ቦሌ ሚካኤል ወረድኩ። እሑድ አልነበረም። አብዱልገኒ ኮቴዬን አወቀው።

«ገብረእዝጊ? ምነው በሥራ ቀን? ሰው ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ፋይልህን አምጥቻለሁ።»

እጁን ዘረጋ። ወረቀቱን ዳበሰው፤ ዳርና ዳሩ ላይ ያለውን ብስ በጣቱ ቆጠረ። «ይሄ ነው? እስቲ አንብብልኝ» አለ። ፈሂማ መጥረጊያዋን ይዛ መጣች። አነበብኩላቸው። የተቀጠረበት፣ የነዳቸው መኪናዎች፣ የሠራባቸው መሥመሮች። ሰባ ሰባት ላይ ደረስኩ።

«‹ያለ ፈቃድ ሰው በመጫን ከሥራ ታግዷል› ይላል።»

«አይ! እሱንም ጽፈውታል?» ብሎ ሳቀ። «ስም አልጻፉም? ‹ገብረእዝጊ የሚባል ነዛዛ› አይልም?»

«አይልም።»

«ጉድለት ነው።»

ፈሂማ አልሳቀችም። እኔን ታየኝ ነበር። «እርስዎን ምን አገኘዎት? ፊትዎ ሌላ ነው።»

ደብዳቤዬን አወጣሁ። እሱንም አነበብኩላቸው። አጭር ነው። «ያለ ፈቃድ የንብረት ማኅተም በመስበር» ይላል። አብዱልገኒ ሳቁን አቆመ። ለምን እንደሰበርኩት ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ካሴቱን፣ ዳንቴሉን፣ ሶደሬውን። ወረቀቱን አጥፎ ጉልበቱ ላይ አደረገው።

«ማን አድርግ አለህ?» አለ በመጨረሻ። ተቆጥቷል። «በዚህ ዕድሜህ! እኔ ለምኜሃለሁ?»

«እኔስ ለምኜህ ነበር?»

ፈሂማ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ውስጥ ገባች።

«ዳማውን አምጣ» አለኝ አብዱልገኒ።

አመጣሁ። ቆርኪዎቹን ደረደርን። እንደ ልማዱ ቸኩሎ ጀመረ፤ አንዱን ወደ ወጥመድ ገፋው። በላሁት። ጣቱ ቦታውን ዳበሰ፤ ባዶ ነው። ሌላ ገፋ። እሱንም በላሁ። ከዚያ ሁለቱን በአንድ ዝላይ፣ ከዚያ ሦስቱን። አላዘንኩለትም። ዓይኑ ደክሟል ብዬም አልተውኩለትም። ሰሌዳው ላይ አንድ ቆርኪ እስኪቀረው በላሁት፤ እሷንም በላኋት።

መዳፉን በባዶው ሰሌዳ ላይ ከዳር እስከ ዳር አዞረ።

«አንተ ሌባ» አለ። «ይህን ሁሉ ዘመን ስታሾፍብኝ ነበር?»

«አዎ።»

«ዛሬ ምን ተገኘ?»

«ዕዳ የለብኝም።»

አሰበበት። ከዚያ ቆርኪዎቹን በሁለት እጁ ሰብስቦ ወደ እኔ ገፋቸው።

«ደርድር» አለኝ።